አማካዩ አንድ፣ ግድግዳው ሁለት

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ የጠባብ መንገዶቹን ግድግዳ በስልክ እያነሳሁ፣ የተለሰነውን ክፍል ድንጋዩ ከተገለጠው ኮምፒውተር እንዲለይልኝ እየሞከርኩ ነው። ልስኑ አቧራ ጠጥቷል፣ የዝናብ እድፍም አለበት። የግራጫውን አማካይና መደበኛ ልይይት (ዋጋዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ) ሳሰላ የሁለቱም ቁጥር ተቀራራቢ ሆነብኝ። በዓይን የሚለየው በቁጥር ለምን አይለይም? (አንባቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ ሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ፒክስል ከየትኛው አጠገብ እንዳለ አያውቁም። 0 0 3 3 እና 0 3 0 3 የሚሉ ሁለት ረድፎችን ይውሰዱ። የሁለቱም አማካይ 1.5፣ መደበኛ ልይይታቸውም 1.5 ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት ቀንሰው፣ ልዩነቱን በራሱ አባዝተው አማካዩን ሲወስዱ ግን የመጀመሪያው 3፣ ሁለተኛው 9 ይወጣል። የእርስዎ እድፍ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ድንጋዩ እንደ ሁለተኛው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

ይህ ልኬት ኮንትራስት ይባላል፤ የምስል ትንተና ተመራማሪው ሮበርት ሃራሊክና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ካቀረቧቸው 14 ልኬቶች አንዱ ነው። መነሻው የትኛው ግራጫ ከየትኛው ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣመረ የሚቆጥር ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ነው።

ፎቶውን ወደ ግራጫ ይለውጡ። እያንዳንዱን ዋጋ ለ16 ያካፍሉና ቀሪውን ይጣሉ፤ 256ቱ የግራጫ ደረጃ 16 ይሆናል። ይህን የሚዘል ብዙ ነው። 64 በ64 ፒክስል ቁራጭ ውስጥ በአግድም የሚገኙት ጥንዶች 4,032 ብቻ ሲሆኑ፣ የ256 ደረጃ ማትሪክስ 65,536 ሣጥን አለው፤ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። ቆጠራውን በጥንዶቹ ብዛት ማካፈልም አይርሱ፣ አለዚያ የቁራጩ ስፋት ውጤቱን ይለውጠዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሚነጻጸሩት ሁለት ፒክስሎች መካከል ባለው ርቀት ነው። በስልክ ፎቶ ላይ አንድ ድንጋይ መቶ ፒክስል ሊሸፍን ይችላል፤ በ1 ፒክስል ርቀት ከለኩ ሁለቱም ጎረቤቶች እዚያው ድንጋይ ላይ ያርፋሉ፣ ሻካራውም ለስላሳ ይመስላል። ቁራጩን 256 በ256 አድርገው 1፣ 4፣ 16 እና 64ን ይሞክሩ። በ0፣ 45፣ 90 እና 135 ዲግሪ አቅጣጫ የሚያገኟቸውን ውጤቶች አማካይ ይውሰዱ፤ ድንጋዩ የተወሰነ አቅጣጫ ስለማይከተል የሚጠፋ ነገር የለም። በረድፍ ለተገነባ ብሎኬት ግን እያንዳንዱን አቅጣጫ ለብቻ ይያዙ።

የጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን በጎን ስትመታው ትንሿም እብጠት ጥላ ትጥላለች፣ ልስኑም ሻካራ ሆኖ ይለካል። ጥላ ውስጥ ወይም በደመና፣ ሁልጊዜ ከእኩል ርቀት ያንሱ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ መጭመቁ ስስ ዝርዝሩን ይበላል፣ 8 በ8 የሆኑ አራት ማዕዘኖችንም ይተዋል፣ ማትሪክሱም እነሱን እንደ ግድግዳው ገጽ ይቆጥራቸዋል።