ጥያቄና መልስ፦ ጦማሮችን በፊድ ስለ መከታተል

ከየካ አባዶ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎና ከጀሞ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ የዚህን ዕትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የማስተምረው መሀል ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ሥነ ሕይወት ትምህርት፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ጤና የሚጽፉ ሃያ ያህል ጦማሮችን እከታተላለሁ። አንዳንዱ በየሳምንቱ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ሦስት ወር ጠፍቶ ድንገት ብቅ ይላል። አዲስ ነገር መኖሩን ለማወቅ አንድ በአንድ ስከፍታቸው ጥቅሌ ያልቃል፤ በፌስቡክ ብከተላቸውም የሚጽፉት ሁሉ አይደርሰኝም። ወደ መገናኛ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ደግሞ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። አንድ ባልደረባዬ «በአርኤስኤስ ተከታተይ» ሲለኝ፣ ሌላው «እሱማ ጎግል ከዘጋው ቆየ» አለኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ይመኑ። ሁለተኛው ባልደረባዎ ዕቃውን ከባለሱቁ ጋር አምታተውታል። የተዘጋው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ሥራ ጀምሮ በጁላይ 1 ቀን 2013 ያበቃው ጎግል ሪደር ነው፤ እሱም ፊድን፣ ማለትም ጦማሮች አዳዲስ ጽሑፎቻቸውን የሚዘረዝሩበትን ፋይል፣ ለማንበብ ከተሠሩትና ሪደር ከሚባሉት ብዙ ፕሮግራሞች አንዱ ብቻ ነበር። አርኤስኤስ ራሱ ግን የማንም ድርጅት ንብረት ያልሆነ፣ ማንኛውም ጦማር ሊያወጣውና ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው የሚችል የፋይል አጻጻፍ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኔትስኬፕ ኩባንያ ወጣ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 2.0 ቅጂው በ2002 ተከተለ፤ አተም የተባለው ተፎካካሪው ደግሞ በ2005 መጨረሻ የኢንተርኔት መስፈርት ሆኖ ታተመ። ሪደሮች ሁለቱንም ስለሚያነቡ የሁለቱ ልዩነት እርስዎን አያሳስብዎትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጦማሩ የተሠራበት ሶፍትዌር አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር፣ ለዓይን ከሚታየው ገጽ ጎን፣ ፊድ የሚባል አነስተኛ ፋይል ያድሳል። በፋይሉ ውስጥ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ርዕስ፣ ሊንክና የወጡበት ቀን፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ ጽሑፉ ወይም መግቢያው ይገኛል፤ ገጹን የሚያከብደው ማስታወቂያና ጌጣጌጥ አይገባበትም። ስልክዎ ላይ የሚጭኑት ሪደር በየተወሰነ ሰዓት ይህን ፋይል እየሄደ ይጠይቃል። በደንብ የተሠራ ሪደር ሲጠይቅ ፋይሉን መጨረሻ ያየው መቼ እንደ ነበር አብሮ ስለሚናገር፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ከሌለ የጦማሩ ሰርቨር (ጦማሩ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) «304» የተባለውን አጭር ምላሽ፣ ማለትም «አልተለወጠም» የሚለውን ብቻ ይመልሳል እንጂ ፋይሉን እንደገና አይልክም። ሦስት ወር የሚጠፉት ጦማሮች ጥቅልዎን እምብዛም የማይነኩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያውም በእኔ አስተያየት ፊድ ከሁሉ አብልጦ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው፤ በየቀኑ የሚጽፈውን ሰው ማን ይረሳዋል? ፌስቡክ ከሚከተሏቸው ገጾች የትኛውን ጽሑፍ እንደሚያሳይዎ የሚወስነው በራሱ ስሌት ሲሆን፣ ፊድ ግን የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ያደርስዎታል።

ሪደሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። እንደ ፊድሊና ኢኖሪደር ያሉት በድረ ገጽ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ጦማሮቹን የሚጠይቀው የእነርሱ ሰርቨር ነው፤ አካውንት ይከፍታሉ፣ ያነበቡት በስልክም በኮምፒውተርም እኩል ይመዘገባል። ሌሎቹ ሁሉንም ነገር በስልኩ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ለአንድሮይድ ፊደር፣ ለአይፎን ኔትኒውስዋየር ይገኛሉ፤ ሁለቱም ነፃና ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። እንደ እርስዎ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት መንገድ ላይ ለሚያነብ ሰው እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ወገን ነው።

ስልክዎ አንድሮይድ ነው እንበልና ፊደርን ከጫኑ በኋላ አዲስ ፊድ የሚጨምረውን ምርጫ ተጭነው የጦማሩን አድራሻ ኮፒ አድርገው ይለጥፉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊዱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ካላገኘው ጦማሩ በምን እንደተሠራ ይመልከቱ። በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ በአድራሻው መጨረሻ ላይ እዝባር (/) አድርገው ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዲ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጨምሩ፤ በብሎገር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ፊድስ፣ ፖስትስ እና ዲፎልት የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት በእዝባር እየለዩ ያስከትሉ። ይህንኑ አድራሻ በብራውዘር ቢከፍቱት በማዕዘን ቅንፍ የተሞላ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሊያዩ ይችላሉና አይደንግጡ፤ ፋይሉ ለሪደር እንጂ ለሰው ዓይን አልተዘጋጀም። ቀድሞ ፊድን አሳምሮ ያሳይ የነበረው ፋየርፎክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ከወጣው 64ኛ ቅጂው ጀምሮ ይህን ትቶታል።

ቀጥሎ ወደ ማስተካከያው ይግቡና ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ አዲስ ጽሑፍ የሚያመጣው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያዙት። ሁለተኛ፣ መግቢያቸውን ብቻ ለሚልኩ ጦማሮች ሙሉ ጽሑፉን ቀድሞ እንዲያወርድ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። እንዲህ ከሆነ ትምህርት ቤት ዋይፋይ ባለበት ስልክዎ ጽሑፎቹን ይይዛል፣ መገናኛ ተሰልፈው ታክሲ ሲጠብቁም ሆነ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ዳታዎን አጥፍተው ያነባሉ። ሥዕሎች ግን ላይመጡ ይችላሉ። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ያስቆማሉ፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ከመውጣትዎ በፊት መተግበሪያውን ከፍተው ዝርዝሩን በጣትዎ ወደ ታች ሳብ በማድረግ ማደሱን ያረጋግጡ።

በቀን ብዙ ዜና የሚያወጡ ተቋማትን ከጦማሮቹ ጋር እንዳይቀላቅሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ለምሳሌ ቢቢሲ አማርኛ የራሱ ፊድ አለው፤ ከሃያዎቹ ጦማሮችዎ ጋር በአንድ ዝርዝር ቢያስገቡት ግን በሦስት ወር አንዴ የሚጽፉት ከዜናው ሥር ይቀበራሉ። የግድ ካስፈለገ ለብቻው መደብ ይክፈቱለት። ያልተነበበውን የሚቆጥረው ቁጥርም ብዙ ሰው ሪደርን እንዲጠላ ያደረገ ነገር ይመስለኛል። ዕዳ አይደለም፤ ከሳምንት ሥራ በኋላ ተከማችቶ ካገኙት ሁሉንም እንደተነበበ የሚያስቆጥረውን ተጭነው ይለፉት።

በመጨረሻም፣ ዝርዝርዎን ኦፒኤምኤል በተባለ ፋይል አስወጥተው በኢሜይልዎ ያስቀምጡ። ስልክዎ ቢጠፋ ወይም መተግበሪያው ቢዘጋ ያንኑ ፋይል ለሌላ ሪደር ሰጥተው ሁሉንም ጦማር ባንድ ጊዜ ይመልሳሉ። በ2013 ጎግል ሪደር ሲዘጋም ተጠቃሚዎቹ ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ሌላ የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነበር።

ጥያቄ፦ በሪደር ከምከታተላቸው የአማርኛ ገጾች መካከል አንዳንዶቹ፣ በተለይ የቆዩት፣ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር ሆነው ይመጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ባዶ ሣጥን ይሆናሉ። መተግበሪያው አማርኛ አይችልም ማለት ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ መተግበሪያው ጥፋት የለበትም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም በኮምፒውተር ለየቋንቋው ፊደላት የራሳቸውን ቦታ ወደሚሰጠው የጋራ መስፈርት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ፣ የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ሆኖ «ሀ» ወይም «ለ» የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነበር። ፊድ ጽሑፉን ያለ ፎንቱ ስለሚያጓጉዝ ያ ልብስ ሲወልቅ ከሥር ያለው ይታያል። እነዚህን ገጾች የሚያድናቸው ባለቤታቸው ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቢለውጠው ነው። አዳዲስ ጽሑፎች ከተበላሹ ግን ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በፋይል ውስጥ የሚጻፍበት ሥርዓት) መሆኑ በትክክል ስላልተገለጸ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀላሉ ስለሚስተካከል ለጸሐፊው ይጻፉለት። ባዶ ሣጥን የሚያዩ ከሆነ ችግሩ እርስዎ ጋ ነው፦ ስልኩ የአማርኛ ፎንት የለውም፤ ይህም የሚያጋጥመው በአብዛኛው በአሮጌ ስልኮች ነው።

ጥያቄ፦ የምከታተለው ሁሉ ጦማር አይደለም። የዩቲዩብና የቴሌግራም ቻናሎችንስ እዚያው ማስገባት እችላለሁ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ዩቲዩብን ይችላሉ። እያንዳንዱ ቻናል የቅርብ ጊዜ ቪዲዮዎቹን የሚዘረዝር ፊድ ስላለው፣ የቻናሉን ሊንክ ሲሰጧቸው ብዙዎቹ ሪደሮች ያገኙታል፤ የሚደርስዎ ዝርዝሩ ስለሆነ ቪዲዮውን ካልከፈቱት በስተቀር ዳታ አይበላም። ፖድካስት (በክፍል በክፍል በኢንተርኔት የሚወጣ የድምፅ ፕሮግራም) ደግሞ ከመነሻው የተሠራው በአርኤስኤስ ላይ ነው፤ የድምፅ ፋይል ሊንክ በፊድ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በወጣው የአርኤስኤስ 0.92 ቅጂ ተጨመረ፣ የፖድካስት መተግበሪያዎችም እስካሁን የሚያነቡት እሱን ነው። ቴሌግራም ግን የራሱን ፊድ አያወጣም። ለሁሉም ክፍት የሆኑ ቻናሎችን ወደ ፊድ የሚቀይሩ የሌሎች ሰዎች አገልግሎቶች አሉ፤ ሆኖም በየጊዜው ስለሚሰናከሉ ቻናሉን በቴሌግራም ውስጥ ቢከታተሉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጦማሩን በፊድ ስከታተል ጸሐፊው ማንነቴን ያውቃል? (ከጀሞ)

መልስ፦ በስም አያውቅዎትም። ሰርቨሩ የሚያየው ማንኛውም ገጽ ሲከፈት የሚታየውን የኢንተርኔት አድራሻና የሪደሩን ስም ነው። በድረ ገጽ የሚሠራ ሪደር ከተጠቀሙ የጠያቂው አድራሻ የአገልግሎቱ ይሆናል፤ በምትኩ ግን የሚከታተሉትን ሙሉ ዝርዝር አገልግሎቱ ያውቃል። ከኢሜይል ጋዜጣ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ አድራሻዎን ለጸሐፊው ስለማይሰጡ፣ መከታተል ሲያቆሙ ፊዱን ከዝርዝርዎ መሰረዝ ይበቃል፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።