ፎርጅድ ሰዓት ከውጭ አዝዤ ጉምሩክ ያዘብኝ፣ እታሰራለሁ ወይ?

ጥያቄውን የላከልኝ እዚሁ ባሕር ዳር ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ልጅ ነው፣ ስሙን ትቼ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጥር ላይ ጓደኛው ያገባል፣ ሚዜዎቹ አምስት ናቸው፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰዓት እንሰር ተባባሉና ከቻይና አምስት ሮሌክስ አዘዙ። ሮሌክስ ስል ሮሌክስ የሚል የተጻፈበት ኮፒ ማለቴ ነው፣ አንዱ 60 ዶላር። ክፍያውን ዱባይ ያለች እህቱ ፈጸመችለት። ሻጩ ካርቶኑ ላይ "ስጦታ፣ 20 ዶላር" ብሎ ጽፎ ላከው፣ ዕቃው አዲስ አበባ ኤርፖርት ጉምሩክ ላይ ቆመ፣ ከዛ አንድ የማያውቀው ሰው ደውሎ "15 ሺህ ላክልኝ፣ እኔ አወጣልሃለሁ" አለው። "ጋሼ፣ ቀረጡን ብከፍል ይሰጡኛል ወይ? ደግሞ እታሰራለሁ ወይ?" ነው የሚለኝ።

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ለዛ ለደወለው ሰውዬ አምስት ሳንቲም እንዳትልክ። ቀረጥና ታክስ በሰው ስልክ አይከፈልም፣ ዲክላራሲዮን (የዕቃው ማሳወቂያ ሰነድ) ተሠርቶ ሒሳቡ ወጥቶ ባንክ ገብቶ ደረሰኝ የሚሰጥበት ነገር ነው። እውነተኛ ትራንዚተር፣ ማለትም ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስፈታ ባለሙያ ከሆነ ፈቃዱን ያሳይሃል፣ ውክልና አምጣ ይልሃል፣ ለሥራውም ደረሰኝ ይቆርጥልሃል። ይሄኛው ሌባ ከሆነ ብርህን በላህ፣ እውነትም ጉምሩክ ውስጥ ሰው ካለው ደግሞ ጉቦ ሰጪ ሆንክ ማለት ነው፣ ያኔ የሰዓቱ ጉዳይ ትንሹ ጣጣህ ይሆናል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቀረጥ ከከፈልኩ ዕቃው ሕጋዊ ሆነ ይላል። አልሆነም። ቀረጡ አንድ ጉዳይ ነው ፎርጅድነቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አንዱን ጨረስክ ማለት ሌላውን ጨረስክ ማለት አይደለም።

እስቲ ፈታሹ ጋ ሆነህ እየው። ካርቶኑን ይከፍታል፣ አምስት ሰዓት፣ ሁሉም አንድ ቀለም፣ ሁሉም ላይ ያቺ የሮሌክስ የዘውድ ምልክት፣ ወረቀቱ ላይ ስጦታ 20 ዶላር ይላል። ምን ይበል? አንተ ኦሪጅናል ነው ካልክ እንግዲያው የሮሌክስ ዋጋ ይታሰብ ትባላለህ፣ እሱ በሺዎች ዶላር ነው። ኮፒ ነው ካልክ ደግሞ በገዛ አፍህ ፎርጅድ ነው አልክ። ስለዚህ ብዙ ሰው በመሃል ውሸት ይፈልጋል፣ ሻጩን አዲስ ደረሰኝ ጻፍልኝ ይለዋል። እባክህ ይሄን እንዳታደርግ! ካየሁት ሁሉ ሰውን ገደል የሚከተው ፎርጅዱ ሳይሆን የሐሰት ደረሰኙ ነው፣ ዋጋ አሳንሶ ማቅረብ ራሱን የቻለ የጉምሩክ ጥፋት ነውና። 20 ዶላሩን የጻፈው ሻጩ በራሱ ፈቃድ ከሆነ ይሄን ማስረዳት ትችላለህ፣ ግን ቻት ላይ "ስጦታ ብለህ ጻፍልኝ" ያልከው አንተ ከሆንክ ለኔ አሁኑኑ ንገረኝ፣ በኋላ ከምሰማው። የሚያዋጣህ እውነተኛው ክፍያ ነው፣ እህትህ የከፈለችበት የባንክ ወረቀት፣ የትዕዛዙ ገጽ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁት ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ፣ አንድም እንዳታጠፋ።

ሒሳቡ እንዴት ነው ላልከው፣ መነሻው ሲ አይ ኤፍ የሚባለው ነው፣ የዕቃው ዋጋ ሲደመር ኢንሹራንስ ሲደመር ማጓጓዣ። ሰዓት በታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 91 ውስጥ ነው፣ የኛ ታሪፍ ጣሪያው 35 በመቶ ስለሆነ ለክፉው ቀን በጣሪያው እናስበው። ሲ አይ ኤፉ 10,000 ብር ቢሆን ቀረጡ 3,500 ነው፣ ድምሩ 13,500። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ ነው እንጂ በ10,000ው ላይ አይደለም፣ 2,025 ይመጣል፣ 15,525 ደረስን። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ 10 በመቶ ደግሞ ቫቱንም ጨምሮ ነው የሚሰላው፣ 1,552 ብር ከ50። በዚህ ላይ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ በሲ አይ ኤፉ ላይ 300 ብር። ባጠቃላይ 7,377 ብር ከ50 ማለት ነው በ10,000 ብር ዕቃ ላይ፣ ታክስ በታክስ ላይ ይወጣል የምንለው ይሄን ነው። ኤክሳይዝ (እንደ ቅንጦት ባሉ አንዳንድ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) ያለበት ዕቃ ከሆነ እሱም በመሃል ገብቶ ሁሉንም ያሳብጠዋል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ወደ ብር ሲመነዘር ያው ዕቃ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የሚታሰበው፣ ጓደኛህ ከዛ በፊት ያስገባበትን ሒሳብ እርሳው።

እስራቱን በተመለከተ አላስፈራራህም ግን አላቃልልህምም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፣ የተጠበቀ ምልክትን አስቦ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፣ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5። ቁጥሩ ያስደነግጣል አውቃለሁ። በኔ አረዳድ ግን አዋጁ ያነጣጠረው በሰው ምልክት የሚነግደው ላይ ነው፣ ለሠርግ እጁ ላይ የሚያስረው ሚዜ ላይ አይደለም። የምልክቱ ባለቤት ዋስትና አስይዞ ጉምሩክን ዕቃው ይያዝልኝ ማለትም ይችላል፣ ያንተ ዕቃ በዚህ ይሁን በዋጋው ምክንያት የቆመ ገና አልታወቀም። ያንተ ችግር ቁጥሩ ነው፣ አምስት። አንድ ቢሆን የራሴ ነው ብሎ ማንም ያምንሃል፣ አምስት አንድ ዓይነት ሰዓት ግን ሱቅ ይሸታል፣ ለንግድ ነው ከተባለ ደግሞ ፈቃዱ የታለ፣ ዊዝሆልዲንጉስ (ከነጋዴ በቅድሚያ የሚያዘው ግብር) እየተባለ ይቀጥላል። ስለዚህ ለሚዜዎች መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሰብስብ፣ የሠርግ ካርዱ፣ ብር ያዋጣችሁበት የባንክ መልእክት፣ አራቱም ልጆች ፈርመው የሚሰጡት ቃል። ትንሽ ይመስላል ግን ሰውን ከነጋዴ የሚለየው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንድ ወዳጅህ ደግሞ ሌላ ሰዓት በመተማ በኩል ይምጣልህ ብሎሃል አልክ። ይሄ ኮንትሮባንድ ነው፣ በቃ፣ ዕቃው መወረስ ብቻ ሳይሆን እስራትና መቀጮ ያለው ወንጀል ነው፣ ያመጣልህ ሾፌርም መኪናውም ይጠየቃል።

እንግዲህ ሰኞ የምታደርገው፣ እዚህ ባሕር ዳርም የጉምሩክ ቅርንጫፍ አለ ግን ዕቃህ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ወይ ራስህ ሂድ ወይ እዛ ላለ የምታምነው ሰው ውክልና ስጥና ዕቃው በምን ምክንያት እንደተያዘ በጽሑፍ ይሰጠኝ በል። በቃል "ችግር አለበት" የሚል መልስ አትቀበል። ምክንያቱ ዋጋ ከሆነ ማስረጃህን አቅርበህ በዋጋው ላይ ቅሬታ ታቀርባለህ፣ እዛው ካልተፈታ የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አለ፣ ግን ቀኑ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰህ ማግስት መጀመር አለብህ። ምክንያቱ ፎርጅድነቱ ከሆነ ግን እኔ አንተን ብሆን አልከራከርም፣ ዕቃውን ለመንግሥት ትቼ እወጣለሁ። 300 ዶላር ያማል፣ ልክ ነህ፣ ግን ለጠበቃና ለምልልስ የምታወጣው ከዛ ይበልጣል፣ ይሄን የምልህ ደግሞ ጠበቃው እኔው ነኝ።

ስለ ሰዓቱ ጥራት አልጠየቅከኝም ግን ልንገርህ። የዛሬ ስንት ዓመት እኔም አንድ ገዝቼ ነበር፣ ጀርባው ላይ 50 ሜትር ውኃ አይገባውም ይላል። ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድ ማዕበሉ አንዴ ረጨት አደረገኝ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን ስንት ሰዓት ነው ብዬ ሳየው መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ ቆጣሪው ሰባት ሰዓት ላይ ቆሟል። አንተ ደግሞ ውሎህ ጀልባ ላይ ነው።

ደብዳቤው ሲደርስህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ቀኑና ማህተሙ በደንብ ይታይ፣ ከዛ በፊት ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርም።