የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሁለቱ «ትርፍ» መምህራን

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ መልሱም ረዘመብኝ። ሁለቱ ይታገሱኝ።

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከደቡብ ወሎ ደጋ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። ዘንድሮ 214 ተማሪና 9 መምህራን አሉን። ባለፈው ወር ከወረዳ መጥተው ‹ስታንዳርዱ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው፤ እናንተ ጋ 24 እንኳ አይሞላም› አሉ። ሁለቱን መምህራን ‹ትርፍ ናቸው› ብለው ወደ ከተማ ሊወስዷቸው ነው። ሒሳቡ ልክ ነው ወይ? ደግሞስ በጀት ይመደባል እየተባለ ጠመኔ በመዋጮ የምንገዛው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ማካፈሉ ልክ ነው። 214ን ለ9 ሲያካፍሉት 23.8 ይመጣል። ስታንዳርዱም እንዳሉት ነው፤ ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

በ1998 ዓ.ም. የአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድና መረጃ ባለሙያ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የተማሪና የመምህር ጥምርታ ተዘርግቷል። አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ለአንድ መምህር 22 ተማሪ አላት። ከተማ ዳር ያለው ደግሞ 81። ብዕሬን አነሳሁና ከዚህ ቀንሼ ወደዚያ ጨመርኩ። የዝውውሩን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ኃላፊው ፈረመ። ሠንጠረዡ አማረ።

ከሁለት ወር በኋላ ወደዚያችው ትምህርት ቤት ለቆጠራ ወጣሁ። ከመኪና መንገዱ የሦስት ሰዓት እግር ነው። ስደርስ የ6ኛ ክፍል ልጆች ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። «መምህራችሁስ?» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። የኅብረቱ ሰብሳቢ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ቤታቸው ወስደው ቡና አስፈሉልኝ፣ ንፍሮ አቀረቡልኝ። ሦስተኛውን ስኒ እስክጨርስ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወለዬ ሲቆጣም አብልቶ ነው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያንተ ሒሳብ ልጆቹን ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚቆጥራቸው። እኛ ጋ ያለው ግን ስምንት ክፍል ነው።»

እኔ ሠንጠረዥ ሳዘጋጅ ስንት ዓመቴ፣ ይህች አልታየችኝም ነበር።

እስቲ በእርስዎ ትምህርት ቤት እንየው። እያንዳንዱ ክፍል በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ይማራል እንበል። በሳምንት 30 መሆኑ ነው። ስምንት ክፍል ሲሆን 240። ይህን ለ9 መምህር ሲያካፍሉት ለአንዱ 27 ገደማ ይደርሰዋል። ይከብዳል፣ ግን ይቻላል። ለ7 ሲያካፍሉት ግን 34 ይመጣል። ሳምንቱ ውስጥ ያለው 30 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው! ሰባቱ መምህራን አንዲት ደቂቃ ሳያርፉ ቢያስተምሩ የሚሸፍኑት 210 ነው። 30 ይጎድላል። 30 ማለት የአንድ ክፍል ሙሉ ሳምንት ነው። ስለዚህ ከጧት እስከ መውጫ አንዱ ክፍል ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል ማለት ነው። ይህ ማንም ሳይታመም፣ ማንም ለቅሶ ሳይሄድ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከዘጠኙ ተቆጥሮ ከሆነማ ተዉት።

የትምህርት ዓይነቱም አለ። ከታች ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ሊያስተምር ይችላል። 7ኛና 8ኛ ላይ ግን የሒሳብ መምህሩን ወስደው የአማርኛውን ቢተዉላችሁ፣ በቁጥር አንድ ሰው ነው የጎደለው። ስምንተኛዎቹ ክልላዊ ፈተናውን ሲቀመጡ ነው የሚታየው።

ወረዳ ስትሄዱ ጥምርታ ላይ አትከራከሩ፤ እዚያ ላይ ይረቱአችኋል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በአንድ ወረቀት ጻፉት። ማን፣ የትኛውን ክፍል፣ ምን ያስተምራል፣ ስንት ክፍለ ጊዜ። ከጎኑ ሁለቱ ሲሄዱ ባዶ የሚሆኑትን ሣጥኖች በቀይ አቅልሟቸው። «ክፍል አጣምሩ» ማለታቸው አይቀርም። 3ኛና 4ኛ ቢጣመሩ ከራሳቸው ስታንዳርድ ያልፋሉ፤ ከደብዳቤዎ ጀርባ በጻፉት ዝርዝር 62 ናቸው። 5ኛና 6ኛ 46 ስለሚሆኑ ለስፖርት አብረው ቢወጡ ግድ የለም። 7ኛና 8ኛን ግን እሺ እንዳትሉ።

ለባለሙያዎቹም ልፍረድላቸው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ከተማ ያለው ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል 80 አጭቆ እየጮኸ ነው። አዲስ ቅጥር በጀት ይፈልጋል። ዝውውር ግን ለወረዳው በነፃ ነው፤ ደመወዙ ያው ደመወዝ ነው፣ ሰውየው ብቻ ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ ሁልጊዜ እጃቸው የሚሄደው ወደ ዝውውር ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር።

ስለ ጠመኔው። ክልሉ ለወረዳው ጥቅል በጀት በቀመር ይሰጣል። የወረዳው ምክር ቤት ለጤና፣ ለግብርና፣ ለትምህርት፣ ለመንገድ ይከፋፍለዋል። ከትምህርቱ ድርሻ አብዛኛውን ደመወዝ ይበላዋል። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ነው፤ እሱም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በወረቀትና በውሎ አበል ያልቃል። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል ለትምህርት ቤቶች በቀጥታ የሚሄድ ድጎማ መጣ። ደግ ነገር ነበር። ግን የሚሰፈረው በተማሪ ቁጥር ነው። ጣሪያ ደግሞ ተማሪ ቆጥሮ አያፈስም። 214 ተማሪ ያለውም፣ 1,500 ያለውም የሚሰብረው ቁልፍ፣ የሚገዛው መዝገብ፣ የሚጠግነው በር አለው። ትንሽ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ጀርባ ልምጣ። በእርሳስ የጻፏትን ዝርዝር ከደብዳቤው በላይ ወደድኳት። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ 41፣ 36፣ 33፣ 29፣ 25፣ 21፣ 17፣ 12። ከ12ቱ ስምንተኛ ክፍሎች ደግሞ ወንዶቹ አራት ብቻ ናቸው።

ይህችን ያየ ሰው ቶሎ ብሎ «29 ልጅ አቋርጧል» ይላል። አይደለም። የዘንድሮ 1ኛ ክፍልና የዘንድሮ 8ኛ ክፍል የተለያዩ ልጆች ናቸው። ስምንተኛዎቹ ክፍል ሳይደግሙ የመጡ ከሆነ በ2011 ዓ.ም. ነው የገቡት። ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ኮሮና ትምህርት ቤት አዘጋባቸው። አራተኛ ክፍል ሳሉ ጦርነቱ ወሎ ውስጥ ነበር። በኋላም ሰላም ያለበት ዓመት አላገኙም። ከአንደኛዎቹ 41 ውስጥ ደግሞ ዘጠኝና አሥር ዓመት የሞላቸው ይኖራሉ፤ በሰባት ዓመታቸው መግባት ሲገባቸው ቤት የቀሩ። እነሱ ቁጥሩን ከታች ያበዙታል።

ስለዚህ የ2011 መዝገብ ካለ አውጡት። ከተቃጠለ ወይም ከተዘረፈ፣ እናቶች አሉ። በየጎጡ አብረው አንደኛ ክፍል የገቡትን ልጆች ስም አስቆጥሩ። አጠገቡ የት እንዳለ ጻፉ፦ ከተማ ዘመድ ጋ ይማራል፣ አፋር ቆላ ለቀን ሥራ ወርዷል፣ በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ሊሻገር ወጥቷል፣ ተድራለች። ወንዶቹ አራት ለምን እንደሆኑ ያኔ በስም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ ቆጠራም በየካቲት አድርጉ። የወረዳው ቁጥር የሚያዘው ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። በልግ የሚዘራበት ቀበሌ ውስጥ ግን የየካቲት ወንበርና የጥቅምት ወንበር አንድ አይደለም፤ ልጁ ሞፈር ይዟል።

ይህን ሁሉ እስከ ሚያዝያ አድርሱት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ረቂቁ ከዚያ በፊት ነው የሚበስለው። ነሐሴ ላይ የመጣ አቤቱታ ሻይ ተጋብዞ ይመለሳል። አብሽሩ፣ ሁለቱ መምህራን ገና አልሄዱም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ወልድያ አካባቢ ነኝ። ልጄን 3ኛ ክፍል ላስመዘግብ ስሄድ መጀመሪያ የልማት መዋጮ ክፈይ ተባልኩ። ባሌ የለም፣ በቀን ሥራ ነው የማሳድገው። መከልከል ይችላሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አይችሉም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ነው ይላል። የ2015ቱ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል ነፃም ግዴታም አድርጎታል። መዋጮ ወላጆች በስብሰባ ተስማምተው በፈቃዳቸው የሚሰጡት ነው። ምዝገባን ከእሱ ጋር ማሰር አይገባም። ርዕሰ መምህሩ ግን ለኪሱ አልጠየቀሽም ይሆናል፤ ጥበቃው ደመወዙን ከዚያው መዋጮ የሚያገኝበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ጠብ አታንሺ። የኅብረቱን ሰብሳቢ ፈልጊና «አቅም የለኝም፣ ጉልበት አለኝ» በይው። አጥር ሲታጠር፣ ግቢ ሲጸዳ አንድ ቀን ትውያለሽ። እምቢ ካሉ ወረዳ ሂጂ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀሪውን ይዘሽ።

ጥያቄ፦ «ተወልጄ የተማርኩት ውጫሌ አካባቢ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ነጋዴ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ለድሮ ትምህርት ቤታችን ሁለት መማሪያ ክፍል ልንሠራ ገንዘብ አዋጥተናል። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ያስተምራል? ክፍል የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ መምህር የሚቀጥረው ግን ወረዳው ብቻ ነው። በኖራ የተለሰነ፣ በሪባን የተመረቀ፣ ከዚያ የእህል መጋዘን የሆነ ክፍል በዓይኔ አይቻለሁ። ወረዳው በሚቀጥለው በጀት ስንት መምህር እንደሚመድብ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ፣ ገንዘቡን ለመማሪያ መጽሐፍ፣ ለኮምባይንድ ዴስክና ለሴቶች መጸዳጃ ቤት አድርጉት። መጸዳጃ ቤቱን በተለይ። አምስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ በወር ስንት ቀን እንደምትቀር መምህራኑን ጠይቃቸው።

ከሰጧችሁ ግን ውሉን በደንብ አንብቡት። ለውጫሌ ሰው ይህን መንገር ነውር ነው፤ በ1881 ዓ.ም. እዚያው እናንተ ጋ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ያመጣውን ጣጣ አገር ያውቀዋል። የእናንተ በአማርኛ ብቻ ይሁን። የመምህራኑም ቁጥር በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ።