ሚክስህን ለሰው ስታሰማ ምን ብለህ ትጠይቃለህ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙዎቻችን ነው። ቤት ውስጥ ቀርጸህ ራስህ ሚክስ ያደረግከውን (ድምፆቹን አመጣጥነህ ያዋሃድከውን) ዘፈን ለሰው ትልካለህ። ግማሹ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብሎ ይገላገልሃል። አንዱ ቤዙ በዛ ይላል፣ ሌላው ጭራሽ ቤዝ የለውም ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ይሄን ፕለጊን (የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር) ካልገዛህ አይሆንም ይልሃል። ማንን ልስማ ነው ያልከው። እኔም ቤቴ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሰው ሚክስ ሰምቼ አስተያየት መስጠትም እወዳለሁ። ስለዚህ ረዘም ቢልም ልጻፍልህ።

ሁሉንም ስማ፣ ያሉህን ሁሉ ግን አታድርግ። ሰሚ እንደ ታማሚ ነው፤ የት ጋ እንደሚያመው በደንብ ያሳይሃል፣ መድኃኒቱን ራሱ ለማዘዝ ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይስታል። «ቮካሉን (የዘፋኙን ድምፅ) ከፍ አድርገው» ያለህ ሰው የነገረህ ነገር ቢኖር ቃላቱ አልገቡኝም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቮካሉ እውነትም ዝቅ ብሎ ይሆናል። ሪቨርቡ (ማስተጋቢያው) በዝቶ ይሆናል። ኪቦርዱ እላዩ ላይ ተኝቶበት ይሆናል። ወይ ደግሞ ዘፋኙ ራሱ የቃሉን መጨረሻ ውጦት ይሆናል፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሻ) አያወጣውም።

አንድ ጓደኛዬ የገጠመውን ልንገርህ። ዘፈኑን የሰሙት ሁሉ «አዝማቹ ላይ ድምፅህ ይጠፋል» አሉት። ቮካሉን 3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ከፍ አደረገው። ቀጥሎ የሰሙት ደግሞ መግቢያው ላይ ቮካሉ ይጮኻል አሉ። አብረን ቁጭ ብለን አዝማቹን ብቻ ደጋግመን ሰማነው፣ አንድ አንድ ትራክ (ለየብቻ የተቀዳ ድምፅ) እየዘጋን። ኪቦርዱ ሲዘጋ ቮካሉ ወዲያው ብቅ አለ። ለካ አዝማቹ ላይ ኪቦርድና ሁለት ጊታር አንድ ላይ ይገባሉ፣ ሦስቱም ቃል ጎልቶ የሚሰማበትን ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ያለውን ቦታ ይዘው መሃል ላይ ተደርድረዋል። ጊታሮቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ወሰድናቸው፣ ኪቦርዱን 2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀነስነው፣ ቮካሉን ወደ ድሮ ቦታው መለስነው። አለቀ። ሰሚዎቹ ስለ ቦታው ልክ ነበሩ፣ ስለ መፍትሔው ግን አልነበሩም።

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ። «በዛ» ያለህም «የለውም» ያለህም ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ «በምን ሰማኸው?» ብለህ ነው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በቅጡ አያወጣም፣ ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ላይ የመጨረሻው ወፍራም ክር ደግሞ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ በስልክ የሰማው ሰው ዋናውን ድምፅ ሳይሆን ከሱ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ነው የሚሰማው፤ እነሱ ከሌሉ ቤዝ የለም ይልሃል፣ አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ቤዙን መጨመር ዋጋ የለውም። ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን በመጠኑ ማሻከር) ብታደርግበት ግን ላይኛዎቹ ድምፆች ይወጣሉ፣ ጆሮ ደግሞ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። መኪና ውስጥ የሰማው ሰው ቤዝ በዛ ቢልህ ደግሞ የመኪናው ሲስተም ራሱ ቤዝ እንደሚጨምር አስብ፤ ሌላ ዘፈንም እንደዚያ ይመታበት እንደሆነ ጠይቀው።

ያንተም ክፍል አለ ደግሞ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 3 ሜትር ካለ፣ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ግድግዳው ጋ ያብጣል፣ ልክ መሃሉ ላይ ደግሞ ይጠፋል። አንተ መሃል ተቀምጠህ ያ ኖታ ስለማይሰማህ ትጨምራለህ። ሰሚዎችህ ቤት ሲከፈት ቤዙ ይጎርፋል። ወንበርህን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ስማ፣ ከዚያ በሄድፎን አረጋግጥ፣ በተለይ ደግሞ በደንብ የምታውቀውን አንድ የወጣ ዘፈን እዚያው ክፍል ውስጥ ክፈትና ቤዙ እንዴት እንደሚሰማ አስተውል። ውድ ስፒከር መግዛት ይሄን አይፈታውም። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው።

ከወጣ ዘፈን ጋር ስታወዳድር ተጠንቀቅ። ያኛው ማስተር ተደርጓል (የመጨረሻው ማስተካከያ ተሠርቶለታል)፣ ይጮኻል። የሚጮህ ነገር ሁሌም የተሻለ ይመስላል። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዙንና ቀጭኑን ደካማ አድርጎ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል፤ ከፍ ስታደርገው ሁለቱም ይመለሳሉና ዘፈኑ የሞላ ይመስልሃል። ስለዚህ ያንን ዘፈን ዝቅ አድርገህ ካንተ ጋር አስተካክለው። ለሰው ሁለት ቨርዥን ልከህ የቱ ይሻላል ስትልም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በ1 ዲሲቤል እንኳ ከበለጠ እሱ ሊመረጥ ይችላል፣ አንተም ኢኪውህ (ቤዙን ወይም ቀጭኑን ለይተህ የምትጨምርበትና የምትቀንስበት) የሠራ ይመስልሃል። በሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ በሚገታ መሣሪያ) ጨፍልቆ ማስጮህም አያዋጣም። ስፖቲፋይ በመደበኛ ሴቲንጉ ዘፈኖችን ወደ -14 ሉፍስ (የዘፈን አጠቃላይ ጩኸት መለኪያ) ያስተካክላቸዋል፣ ከዚያ በላይ የጮኸውን ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚቀርህ ጭፍለቃው ብቻ ነው። ለአስተያየት የምትልከው ሚክስ ጫፉ ከዜሮ ጥቂት ዲሲቤል ዝቅ ያለ ቢሆን ይበቃል።

አላላክህም ይወስናል። በቴሌግራም ከላክህ እንደ ፋይል ላከው። ስልክ ስፒከር ላይ ደቅነው ቀድተው በድምፅ መልእክት ልከው «ሚክሱ እንዴት ነው?» የሚሉ አሉ፣ ምን ብለህ ትመልሳለህ?

ዋናው ነገር ግን ጥያቄው ነው። «እንዴት ነው?» ካልክ «አሪፍ ነው» ይሉሃል፣ ሌላ ምን ይበሉ። አይወዱህም ማለት አይደለም፣ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው። ጠበብ አድርገህ ጠይቅ። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ከሆነ እኔ የምወደው ጥያቄ «የሁለተኛውን ግጥም ቃላት እየሰማህ ጻፍልኝ» የሚለው ነው። የሳተው ቃል ጋ ሂድና ምን እንደሸፈነው ፈልግ። ደግሞም «የቱ ጋ ሐሳብህ ሄደብህ?» በለው። ደቂቃውንና ሴኮንዱን ይንገርህ። ይህ ሰው ኮምፕረሰር (የጮኸውን ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን የሚያጠብ መሣሪያ) ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ግን የት ጋ እንደሰለቸው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም ችግሩ ሚክሱ ሳይሆን ቅንብሩ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ቀድመህ «ቮካሉ ትንሽ ይወጋል መሰለኝ» አትበል። ካልክ በኋላ ሁሉም ሲወጋው ይውላል።

ሙዚቀኞችን ስትጠይቅ ማን ምን እንደሚጫወት ያዝ። ጊታሪስት ጊታሩን ይሰማል፣ ድራመር ስኔሩን (ጥርት ብሎ የሚመታውን ከበሮ)። አብሮህ የተጫወተ ሰው ደግሞ የራሱ ድምፅ አነሰ የማይልበት ቀን የለም (እወዳቸዋለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው)። ሚክስ የሚሠራ ሰው ካገኘህ ሚክሱን ብቻ ሳይሆን ጥሬውን ቮካልም ላክለት፣ ምንም ሳትነካው። «ሚክሱ አልሆነም» የሚባለው ብዙው ነገር ቀረጻው ነው። ክፍልህ ውስጥ አጨብጭብ፤ ጭብጨባው የሚያስተጋባ ከሆነ ያ ማስተጋባት ቮካልህ ውስጥ አለ፣ ኮምፕረስ ስታደርገው ደግሞ ይብስበታል። ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባ ሰቅለህ፣ ማይኩ ጋ ቀረብ ብለህ ድጋሚ ቅረጽ። ሰ እና ሸ የሚወጉ ከሆነ ዲኤሰር (እነሱን የሚቀንስ መሣሪያ) ከመደርደርህ በፊት ማይኩን ከአፍህ ቀጥታ ላይ ትንሽ ዘወር አድርገው። እነዚህ ድምፆች ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው ጉልበታቸው፣ እዚያ ላይ ኢኪው በደፈናው ስትቆርጥ ቮካሉ ሙሉ ለሙሉ ይደፈናል።

ቀረጻው ይሁን ሚክሱ ግራ ከገባህ የሰው ቀረጻ ሚክስ አድርግ። ካምብሪጅ ሚዩዚክ ቴክኖሎጂ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ለመለማመጃ በነፃ የሚወርዱ፣ ትራክ በትራክ የተቀመጡ ብዙ ዘፈኖች አሉ። ደህና ሰው የቀረጸውን ሚክስ ስታደርግ እዚያም ቮካሉ ታፈነ ካሉህ ችግሩ እጅህ ላይ ነው። እዚያ ንጹሕ ሆኖ የራስህ ዘፈን ላይ ብቻ ከታፈነ ግን ማይክህንና ክፍልህን ጠርጥር።

አስተያየት ከተሰበሰበ በኋላ ወዲያው ፕሮጀክቱን አትክፈት። ሁሉንም ደቂቃ እየጠቀስክ ጻፈው። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ካጉረመረሙ እዚያ ጋ ነገር አለ፣ የሰጡት ምክንያት ቢለያይም። አንድ ሰው ብቻ ያለው ከሆነ እዚያ ቦታ ሄደህ ስማ፤ አንተም ከሰማኸው አስተካክል፣ ካልሰማኸው ተወው። «እኔ ብሆን ድራሙን ኤሌክትሮኒክ አደርገው ነበር» የሚለው የሱ ዘፈን ነው፣ አመስግነህ እለፍ። አንድ ነገር በቀየርክ ቁጥር ፋይሉን በቁጥር ሰይመህ አስቀምጥ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲስ»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» የሚል ፎልደር አይቼ አውቃለሁ፣ ባለቤቱ ራሱ የቱ የቱ እንደሆነ አያውቀውም።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰው ዘፈንህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሲሰማ ቃላቱን ያውቃቸዋል፣ ቮካሉ ቢደበቅም እንኳ ጆሮው ይሞላለታል። ስለዚህ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ቨርዥን 1 ላይ አትጨርስ። ሁለት ሦስት ሰው ለመጨረሻው አስቀር፣ እስከዚያ ምንም አታሰማቸው፤ ሲለምኑህም እምቢ በል።

የራስህ ጆሮም ያው ነው፣ ይደክማል። ከሰው ጋር ሳትጮህ ማውራት በሚያስችልህ የድምፅ ከፍታ ሥራ፣ በየመሃሉ ተነስ። ሠርተህ እደር፣ ጠዋት ሌላ ነገር ሳትሰማ ዘፈኑን ክፈትና ከክፍሉ ወጥተህ በሩን ገርበብ አድርገህ ስማው። በጣም ዝቅ አድርገኸውም ስማ፤ ቮካሉና ስኔሩ እዚያም ካልጠፉ ደህና ነህ። አንዴ ደግሞ ሞኖ አድርገው (ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀላቅለው)። ጊታሩ ሞኖ ላይ ከጠፋ ግራና ቀኙ እየተጠፋፉ ነው፣ ስቴሪዮ ማስፊያ ፕለጊን ካደረግክበት አውጣው።

ከዚያ ደግሞ የሌሎችን ሚክስ ስማና ጻፍላቸው። «1:12 ላይ ኪኩና (ትልቁ ከበሮና) ቤዙ ተደባለቁብኝ፣ ኪኩ ብቻውን አይለይም» ብለህ ለመጻፍ ደጋግመህ መስማት ግድ ይልሃል፣ የራስህ ዘፈን ላይ ያልሰማኸውን እዚያ ትሰማዋለህ። በዚያውም ያንተ ሲመጣ «አሪፍ ነው» ብሎ የሚያልፍህ ይቀንሳል።

ያንን ዘፈን እዚሁ ልቀቀው። በፋይል ይሁን፣ ሊሚተሩን ከማስተሩ ላይ አውርደው፣ ጥሬውን ቮካል 30 ሴኮንድ ያህል ቆርጠህ ጨምርበት፣ ክፍልህ ስንት በስንት እንደሆነና በምን እንደምትሰማም ጻፍ። ምኑ እንዳላማረህ ግን አትንገረን። እኔ መጀመሪያ በስልክ፣ ከዚያ በሄድፎን ሰምቼ ደቂቃ እየጠቀስኩ እጽፍልሃለሁ።