የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞተሩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ

ጥያቄ፦ 4ኬ ሞተር ያለው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ሲሊንደሩ 0.50 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ (ሰፍቶ)፣ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) 0.25 ሚሊ ሜትር ተልጦ ከቶርኖ ቤት (ብረት ከሚቆረጥበትና ከሚስተካከልበት ወርክሾፕ) መጥቷል። ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ብሮንዚኑን (ክራንኩ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) ከሱማሌ ተራ ገዝቻለሁ። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልገጥመው ነው። ከየት ልጀምር? የት ላይስ ነው ሰው የሚሳሳተው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ከማጠብ ይጀምሩ። ከቶርኖ ቤት የመጣ ብረት ሲያብረቀርቅ ንጹህ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሲሊንደሩ ሲሞረድ የድንጋዩ ብናኝ ጭረቶቹ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ቤንዚንና ናፍጣ ዘይቱን ያነሱታል እንጂ ብናኙን አያወጡትም። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ ፈትገው ይጠቡት፤ ወዲያው አድርቀው ዘይት ካልቀቡት ዓይንዎ እያየ ይዝጋል። ከዚያ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ውስጡ ያዙሩ፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይታጠብ። አዲስ ፋሻ ቶሎ ተበልቶ መኪናው ጭስ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ይህ ስለታለፈ ነው። የክራንኩን የዘይት ቀዳዳዎችም በቀጭን ብሩሽ አጽድተው በአየር ይንፏቸው። በእናንተ በኩል በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያነሳልና ሥራውን ጠዋት ይሥሩት፤ ሲያቆሙ ሞተሩን በንጹህ ፕላስቲክ ይሸፍኑት።

ቀጥሎ ልኬት ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ብሮንዚኑ ጀርባ ላይ 0.25፣ ፒስተኑ አናት ላይ 0.50 መጻፉን ይዩ። የብሮንዚኑን ክፍተት በፕላስቲጌጅ ይለኩ፦ ቀጭኑን ክር ዘይት ባልነካው ክራንክ ላይ አስተኝተው የብሮንዚኑን ክዳን ከታች በተጻፈው የማጥበቂያ ልክ ያጥብቁ፣ ክራንኩን ሳያዞሩ ይፍቱት፣ የተጨፈለቀውን ስፋት አብሮት ከሚመጣው መለኪያ ጋር ያስተያዩ። ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። ከ0.10 ካለፈ የዘይት ግፊት አይያዝልዎትም፤ ወደ ቶርኖ ቤት ይመልሱት።

ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደር ውስጥ ያስገቡና ቀጥ እንዲል በፒስተኑ አናት ይግፉት። ለ75 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ጫፎቹ መካከል ከ0.20 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈለጋል። ከዚያ ካነሰ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ መሄጃ ሲያጣ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩንም ይፍቃል።

የክራንኩን አምስት ክዳኖች አንድ በአንድ ከ5.5 እስከ 6.5 ኪሎ ግራም ሜትር ያጥብቁ፤ እያንዳንዱን ባጠበቁ ቁጥር ክራንኩን በእጅ ያዙሩ። ሦስተኛው ላይ ከከበደ ጥፋቱ ሦስተኛው ላይ ነው። ሁሉንም ጨርሰው ከሆነ የሚያዞሩት፣ የቱ እንደያዘው ለማወቅ ሁሉንም መፍታትዎ ነው። የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ክዳን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ሜትር ይበቃዋል፤ የቢየላና የክዳን ቁጥሮች አይቀላቀሉ፣ የፒስተኑ ምልክት ወደ ሞተሩ ፊት ይሁን።

ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ላይ ብዙ ሰው የማያየው አደጋ አለ። የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ፣ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ ያኔ ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው መፍቻ) «ደርሷል» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተጫነም። ሲብስም ብሎኩ ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹን በአየር ያድርቁ። የቴስታታው ፊት ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ አዲስ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) አያድነውም፤ ይለጥ። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ዙር፣ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6 ኪሎ ግራም ሜትር አድርገው ያጥብቁ። የቫልቮላውን ክፍተት ሞተሩ ሲሞቅ የመግቢያውን 0.20፣ የመውጫውን 0.30 ሚሊ ሜትር ያድርጉት።

ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን ፈተው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ያዙሩት። ካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) አዲስ ከሆነ እንደተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) አይተዉት፤ ለ20 ደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር መካከል ከፍና ዝቅ ያድርጉት። ካሙ የሚቀባው በአብዛኛው ከክራንኩ በሚረጨው ዘይት ነው፤ ሞተሩ ቀስ ሲል ርጭቱ አይበቃውም። ዘይትና ፍልትሮው በ500 ኪሎ ሜትር ይቀየሩ።

ጥያቄ፦ እኔም እንደዚያው ያለ 4ኬ ሞተር ገጥሜ ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) ስለካ በአራቱ ሲሊንደሮች 115፣ 118፣ 112 እና 116 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አገኘሁ። መመሪያው 155 ገደማ ይላል። ሥራዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የመመሪያው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። እርስዎ ያሉት ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ሲሊንደሩ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ አገር ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሲፈታ ማየት ያሳዝናል። የሚፈረደው በአራቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የእርስዎ 6 ብቻ ነው፣ ከ14 በላይ ቢሆን ነበር የሚያሳስበው። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ፦ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ። ሲለኩ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይርገጡ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን።

የራዲያተሩን ክዳን ግን አሁኑኑ ይዩት። በእርስዎ ከፍታ ግፊት ያልያዘ ውሃ ገና በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ትናንት የገጠሙትን ጓርኒሲዮን ሊያቃጥል ይችላል።