ጥያቄና መልስ፦ ዱላ ይዞ ወደ ስኮትላንድ

ባለፈው ስለ ጎልፍ ጉዞ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። አብዛኛው ስለ ስኮትላንድ የባህር ዳር ሜዳዎች ነው፣ ሊንክስ ስለሚባሉት። በባህሩና በእርሻው መካከል ባለ አሸዋማ መሬት ላይ ያሉ ሜዳዎች ናቸው፤ ዛፍ የለ፣ መጠለያ የለ። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

«ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው ሜዳ ላይ ሳንጫወት አንሞትም ብለናል። የግድ ሀብታም መሆን አለብን? ቪዛስ?»

ከሀብት ይልቅ ዕድል ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሜዳው የሕዝብ እንጂ የግል ክለብ ንብረት አይደለም፤ የሚያስተዳድረው ትረስት ዕጣ ያወጣል። ለመጫወት ካሰባችሁበት ዕለት ሁለት ቀን ቀድማችሁ ስማችሁን ታስገባላችሁ። ከወጣላችሁ እሰየው፣ ካልወጣላችሁ በማግስቱ እንደገና ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብላችሁ አትሂዱ። እዚያው ከተማ ሦስት አራት ሌሊት እደሩና በየቀኑ ሞክሩ። እሁድን አትቁጠሩት፣ ሜዳው ዝግ ነው።

በ2025 በበጋው ወራት የአንድ ዙር ዋጋ 340 ፓውንድ ነበር። የሃንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋችነት ደረጃችሁን የሚያሳይ ቁጥር፣ ማስረጃም ይዛችሁ ሂዱ። ዕጣው እምቢ ካለ ጎኑ ያለው ኒው ኮርስ አለላችሁ። «አዲሱ» የተባለው በፈረንጆቹ 1895 የተከፈተ ነው፤ እዚያ አገር አዲስ ማለት እንዲህ ነው። በእኔ አስተያየት ለአማካይ ተጫዋች እሱ ይሻላል፣ ኦልድ ኮርስ ላይ ግማሹን ቀን ፎቶ ስታነሱ ነው የምትውሉት።

ከእናንተ አንዱ ብቻውን ቀርቶ ዕድሉን ልሞክር ቢል ከ2024 ጀምሮ ለነጠላ ተጫዋች ለብቻው ዕጣ አለ። ለዚህኛው ግን አንድ ቀን ቀድሞ በአካል መመዝገብ ያስፈልጋል። ድሮ ሰው ለዚህ ብሎ ሌሊቱን ውጭ ተሰልፎ ያድር ነበር።

ቪዛን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ በኢንተርኔት ያወጣል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን ግሪን ካርድ ቢኖረውም ቪዛ የግድ ነው። ይህን የረሳ ጓደኛ ቡድኑን ጎዶሎ ያደርጋል፤ ዛሬውኑ ተጠያየቁ።

«አዲስ አበባ ነው የምጫወተው። በሰባት ቁጥር አይረን (ብረት ዱላ) 160 ያርድ እመታለሁ። እዚያ ያጥርብሃል ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው ወንድሜ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን ብዙም አይዝም። ባህር ዳርቻ ላይ አየሩ ወፍራም ነው። አንድ አስረኛ ገደማ ይቀንስብሃል በልና አስብ፣ 160ው ወደ 145 ይወርዳል ማለት ነው። ብርድ ከተጨመረበት ደግሞ ሌላም ይነሳልሃል።

ግን ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ጠዋት በስምንት ቁጥር አይረን የደረስክበት ቀዳዳ ከሰዓት በኋላ እንጨት የሚባለውን፣ ሩቅ የሚመታውን ዱላ ሊያስወጣህ ይችላል። ከፍ አድርገህ የመታኸው ኳስ የነፋሱ ነው፣ ያንተ አይደለም። ደጉ ነገር መሬቱ ደረቅና ጠንካራ መሆኑ ነው። ከሥሩ አሸዋ ስለሆነ ዝናቡን ወዲያው ይመጠዋል፣ ኳሱም መሬት ከነካ በኋላ ብዙ ይንከባለላል። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ዝቅ አድርገህ መምታት ተለማመድ። ከግሪኑ፣ ቀዳዳው ካለበት አጭር ሣር፣ ውጭ 20 ሜትር ላይ ብትሆንም በፓተር፣ ኳስ መሬት ለመሬት በሚገፋው ዱላ፣ ግፋው። አገሬው ራሱ እንዲህ ነው የሚጫወተው፤ ማንም አይስቅብህም።

«ጎልፈኛው ባለቤቴ ነው፣ እኔ ዱላ ነክቼ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ልቀመጥ?»

በፍጹም እህቴ! እሁድን ሴንት አንድሩስ አድርጊው። ሜዳው ሲዘጋ መናፈሻ ይሆናል፤ ሰው ውሻውንና ልጁን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ሜዳው ላይ ያለውን፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን የስዊልካን ድልድይ ያኔ ያለ ግርግር ታገኚዋለሽ። ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ናት፣ ቲቪ ላይ ነው የምትተልቀው። ከሜዳው አጠገብ ደግሞ ሂማላያስ የሚባል ጉብታ ጉብታ የበዛበት የፓተር መጫወቻ አለ፤ ትንሽ ከፍሎ ሕፃንም አያትም ይጫወታል። ባልሽን እዚያ ግጠሚው፣ ልታሸንፊው ትችያለሽ።

ኖርዝ በርዊክ የምትባለው የባህር ዳር ከተማም ታስደስትሻለች። ከኤደንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ባህሩ ላይ ባስ ሮክ የሚባል ትልቅ አለት ቆሟል፣ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ያደረጉት ወፎቹና ኩሳቸው ናቸው። በጀልባ ከቀረብሽ ሽታውንም ታገኚዋለሽ።

«መቼ ልሂድ?»

ግንቦት ወይም መስከረም። በፈረንጆቹ ሜይ ቁጥቋጦው በቢጫ አበባ ይሸፈናል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰው ይበዛል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ሰኔ ላይ ከሄዱ ግን ብርሃኑ ጉድ ነው። ሰሜኑ ጫፍ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎም ኳስ ይታያል። ዝናብ ልብስ በየትኛውም ወር ይያዙ።

«ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ወደቀብን። ምን እንብላ?»

ቪጋን በሉ፣ ሆቴሉ ይገባዋል። ሁለት ነገር ግን ጠንቀቅ በሉ። የምስር ሾርባቸው ጣት ያስቆረጥማል፣ ብዙ ጊዜ ግን በአሳማ አጥንት መረቅ ነው የሚሠራው። የድንች ጥብሱንም ብዙ ቤቶች በበሬ ሞራ ይጠብሱታል። ሁለቱንም ሳትጠይቁ እንዳትነኩ። ጠዋት በውሃና በጨው የተሠራ የአጃ ገንፎ እዘዙ፣ እስከ ዘጠነኛው ቀዳዳ ያደርሳል።

«ስማቸው የገነነው ሰልችቶኛል። ሌላ ምን አለ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አንድ ትልቅ ስም ይበቃል፤ የቀረውን ገንዘብ በትንንሾቹ ላይ አውጡ። ካርኑስቲ ሄዶ መሰቃየት የሚወድ አለ፣ አልከለክልም። በፈረንጆቹ 1999 በብሪቲሽ ኦፕን ውድድር ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ በሦስት ምት እየመራ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሶ፣ ኳሱ ወንዝ ገባበትና ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ የቆመው እዚያ ነው። ዋንጫውንም አጣ።

እኔ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሮራ ብትወጡ እላለሁ። ለዘመናት በግና ከብት ሲግጥበት የኖረ ሜዳ ነው፣ እንስሳቱ ግሪን እንዳይረግጡ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይታጠር ነበር። ለመግባት ሽቦውን መሻገር ነበር፣ ቁምጣ የለበሰ ቀስ ይል ነበር። ከዚያ ትንሽ ወረድ ሲሉ ሮያል ዶርኖክ አለ። ብዙ የአሜሪካ ሜዳዎችን የነደፈው ዶናልድ ሮስ የተወለደው እዚያች ከተማ ነው። በምዕራቡ በኩል ማክሪሃኒሽ አለላችሁ፤ የመጀመሪያው ምት በባህር ዳርቻው አሸዋ ላይ ነው የሚያልፈው። አሸዋው ላይ የሚሄድ ሰው ካለ ጠብቁት።

«62 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል። በትንሿ የጎልፍ መኪና እየሄዱ መጫወት ይቻላል?»

ጋሼ፣ እንደ አሜሪካ አይጠብቁ። ብዙዎቹ ሊንክሶች በእግር ነው። መኪና የሚፈቅዱትም አብዛኛውን ጊዜ የሐኪም ወረቀት ላለው ነው፣ ቀድመው ይጻፉላቸው። ቦርሳ የሚሸከም ካዲ ወይም የሚገፋ ጋሪ መያዝ ጉልበትዎን ያሳርፋል። ከዚያም ካልሆነ ኤደንብራ አጠገብ ሙሰልበራ ኦልድ ሊንክስ አለ። ዘጠኝ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ የፈረስ መወዳደሪያ ውስጥ ስለሆነ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ከፈለጉ የድሮ የእንጨት ዱላ ያከራዩዎታል።