«ወጣትነት ነው፣ ያልፋል» ይላል አባቱ

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። አባቱ ማታ ማታ መኪናውን ይሰጠዋል። በቅርቡ እህቱ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ፤ ሌሊት ጭር ባለ መንገድ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲሽቀዳደም የተቀረጸ ነው። አባቱን ባማክረው «ወጣትነት ነው፣ ያልፋል» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ «ለፖሊስ ንገሪ» ይለኛል። ልጄን በገዛ እጄ አሳልፌ ልስጥ? ቪዲዮውን ልኬልዎታለሁ።
የጨነቀኝ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ለብዙ ዓመታት መንዳት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ልጅዎ ላይ ሳይሆን፣ መጨረሻው መስመር ላይ ስልካቸውን ደግነው የቆሙት ልጆች ላይ ነው። መኪኖቹ ከፍተኛው ፍጥነት ላይ የሚደርሱት እዚያ ነው፤ ፍሬን መያዝ የሚጀምሩትም እዚያው ነው። ጎማ ቢፈነዳ ወይም አንዱ መሪ ቢስት ዱላው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

ጋቢና የተቀመጠው ጓደኛውን ደግሞ ይመልከቱት። ቀበቶ አላሰረም። የፍጥነት ቆጣሪውን እየቀረጸ «ንካው! ንካው!» ይላል፤ ቀስቱ 100ን ሲያልፍ ይታያል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያደርስ ብቻ ይህን ያህል መንገድ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ይብሳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለ ጓደኛው ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነር እና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ታዳጊዎችን፣ ወጣቶችንና ጎልማሶችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈትነዋል። ታዳጊዎቹ ጓደኛ እያያቸው ሲጫወቱ ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ይልቅ አብዝተው ደፈሩ፤ ጎልማሶቹ ላይ ግን የተመልካች መኖር ለውጥ አላመጣም። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1987 ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ስትጀምር፣ ልምድ ያለው ሰው ከጎኑ ካልተቀመጠ በስተቀር ጀማሪው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት እንዳይነዳ፣ ጓደኛም እንዳይጭን ከልክላለች። ሕግ አውጪዎች ሊያተኩሩበት የሚገባው ይህ ነው እላለሁ። የገንዘብ ቅጣት ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ አባት ይከፍለዋል። መኪናው ተይዞ ለወራት ሲቆም ግን ቤተሰቡም ልጁም ይሰማቸዋል። ፍጥነት የሚወድ ልጅ ሁሉ ደግሞ ወንጀለኛ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዋሊ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1951 የእሽቅድምድም ማኅበር ያቋቋመው እንዲህ ያሉትን ወጣቶች ከመንገድ አንስቶ ደንብ ወዳለው ሜዳ ለመውሰድ ነው።

ባለቤትዎ «ያልፋል» ማለታቸው ለብዙዎቹ እውነት ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው።

ስለዚህ ቁልፉን ዛሬውኑ ይውሰዱ፤ በዚህ ላይ እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ቃል ይሁኑ። ልጁ ቀን ቀን፣ ከሁለት አንዳችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይንዳ። ጓደኛ መጫን ለዓመት ይቅር። ጩኸትና ስድብ አያስፈልግም፤ ቪዲዮውን አብራችሁ ተመልከቱና መጨረሻው መስመር ላይ የቆሙትን አንድ በአንድ በስማቸው ይጥራልዎት። የነዚያን ልጆች እናቶችም ያነጋግሩ።

ለፖሊስ የሚሽቀዳደሙበትን ቦታና ሰዓት አሁኑኑ ይንገሩ፤ ለጊዜው የልጅዎን ስም መጥራት የለብዎትም። ቁልፍ ተከልክሎ በሌላ ሰው መኪና እንደገና ከወጣ ግን ስሙንም ጨምረው ይናገሩ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እናገር ነበር።